ከሱቅ ጁስ ወይን መጣል

ጥያቄ

የምኖረው ወረታ ከተማ ነው። እናቴ በጠላዋም በጠጇም የተመሰገነች ባለሙያ ናት፤ እኔ ግን በአንድ ነገር ተሸንፌ ነው የምጽፍልዎ። የእህቴ ሰርግ ለመጪው ጥር ተቆርጧል። ከጠላውና ከጠጁ ሌላ ለሚዜዎች ጠረጴዛ የሚሆን ጥቂት ወይን በራሴ እጅ ላዘጋጅ ብዬ ከሱቅ ሦስት ዓይነት ጁስ ገዛሁ፤ አንዱ በፕላስቲክ የታሸገ የብርቱካን፣ አንዱ የካርቶን ማንጎ፣ አንዱ የካርቶን አፕል። ሁሉንም በየሃይላንዱ ገልብጬ ስኳርና የዳቦ እርሾ ጨመርኩባቸው። ብርቱካኑ ሳምንት ሙሉ አረፋ አላወጣም፤ እርሾው ከሥር ዘቅጦ ቀረ። ማንጎውን አጥብቄ ከድኜው ነበርና በሁለተኛው ሌሊት ፈንድቶ ግድግዳውን አበላሸው። ከዚያ ተምሬ አፕሉን በሻሽ ብቻ ሸፈንኩት፣ በየቀኑም እየከፈትኩ ቀመስኩት። መጀመሪያ ደስ የሚል ሽታ ነበረው፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን አቼቶ ሆኖ አገኘሁት።

እናቴ «ገሾ የሌለው መጠጥ መጨረሻው ይኸው ነው» ትላለች። አጎቴ ደግሞ ቤት የተሠራ ወይን ዓይን ያጠፋል ብሎ አስፈራራኝ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? ገሾ ልጨምርበት? የአጎቴስ ነገር እውነት ነው? ከሱቅ ጁስ ይልቅ የገበያ ማንጎ ብጠቀም ይሻል ይሆን?

የወረታዋ አንባቢ

መልስ

እህቴ፣ ሦስቱ ሃይላንዶች የተበላሹት በሦስት የተለያየ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው መከላከያ ነበረበት፣ ሁለተኛው መተንፈሻ አጣ፣ ሦስተኛው አየር በዛበት። እናትዎ ካሉት ግማሹ ልክ ነው፤ አጎትዎ የፈሩትም ነገር አለ፣ እርስዎ ሃይላንድ ውስጥ ግን አይደለም።

ከብርቱካኑ ልጀምር። ባዶውን ጠርሙስ ካልጣሉት ጀርባውን ያንብቡ። በደቃቁ ከተጻፈው መካከል ሶዲየም ቤንዞኤት ወይም ፖታሲየም ሶርቤት የሚል ካገኙ፣ ወይም በስም ፋንታ 211 ወይም 202 የሚል ቁጥር ካዩ፣ ነገሩ አለቀ። እነዚህ የሚጨመሩት መጠጡ መደርደሪያ ላይ እንዳለ እንዳይፈላ ነው። ሥራቸው እርሾን ማስቆም ነው፤ እርስዎ ደግሞ እርሾ ጨምረው እንዲፈላ ጠበቁ። ቤንዞኤት ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ሲገባ ይበልጥ ይበረታል፣ ብርቱካን ደግሞ ኮምጣጣ ነው። ስኳሩን ቢያበዙ፣ እርሾውን እጥፍ ቢያደርጉ፣ ምድጃ ላይ ቢያፈሉት እንኳ አይለቅም። በውሃ አቅጥነው ኃይሉን ላድክም ቢሉ የሚቀርዎ ቀለም ያለው ስኳር ውሃ ነው። እንዲህ ያለውን ለመጠጥነቱ ይጠጡት እንጂ ለወይን አይድከሙበት።

በካርቶን የሚመጣው ጁስ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነፃ ነው። በከፍተኛ ሙቀት ለጥቂት ሴኮንዶች አልፎ ጀርም በሌለበት ስለሚታሸግ መከላከያ ሳይጨመርበት ይቆያል። ማንጎዎና አፕልዎ የፈሉት ለዚህ ነው። ግን «ብዙውን ጊዜ» ማለት «ሁልጊዜ» አይደለምና ካርቶኑንም ማንበብ ነው። እዚያው ላይ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። 100 በመቶ ጁስ የሚል አለ፤ ኔክታር የሚል አለ፤ የጁስ መጠጥ የሚልም አለ። ኔክታር ማለት ፍሬው በውሃና በስኳር የተበረዘ ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት ለማንጎ ኔክታር ቢያንስ 25 በመቶ፣ ለብርቱካንና ለአፕል 50 በመቶ ፍሬ ይጠይቃል። ስለዚህ ከገዙት አንድ ሊትር የማንጎ ኔክታር ውስጥ ማንጎ የሆነው ሩቡ ብቻ ሊሆን ይችላል። እርሾ በስኳር ብቻ አይኖርም፤ ከፍሬው የሚያገኘው ምግብ ሲያንሰው ይደክምና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ማውጣት ይጀምራል። ለወይን የሚሆንዎ 100 በመቶ የሚለው ነው፤ የወይን ፍሬ ጁስ ከተገኘ እሱ፣ ካልተገኘ አፕል።

ማንጎው ለምን ፈነዳ? እርሾ ስኳር ሲበላ ግማሽ ያህሉን አልኮል፣ ግማሽ ያህሉን ጋዝ ያደርገዋል። ከመቶ ግራም ስኳር የሚወጣው ጋዝ ሃምሳ ግራም ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሲዘረጋ ግን ከ25 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። የእናትዎ ጋን የማይፈነዳው አፉ በጭቃ ቢመረግም ጋዙ ቀስ እያለ መውጫ ስለማያጣ ነው። የሃይላንድ ክዳን ግን ተጠምዝዞ ከታሰረ ትንፋሽ አያሳልፍም። ፕላስቲክ መሆኑም አተረፈዎት፤ ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ ግድግዳውን ብቻ አይደለም የሚመታው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከመድኃኒት ቤት አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ይግዙ። ክዳኑን በጋለ ምስማር በስተው ቱቦውን ያስገቡ፤ ዙሪያውን በሻማ ይድፈኑት። የቱቦው የውስጥ ጫፍ ከፈሳሹ በላይ ይቅር፣ የውጭው ጫፍ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ይጥለቅ። ጋዙ በውሃው እየቦለቀ ይወጣል፣ አየር ግን በውሃው አልፎ አይገባም። ቱቦ ካጡ አፉ ላይ ፊኛ አጥልቀው በመርፌ አንድ ጊዜ ይውጉት፤ ያገለግላል።

አፕሉን አቼቶ ያደረገው ይኸው አየር ነው። አልኮልን ወደ አቼቶ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ አየር መሥራት አይችሉም፤ አየር ካገኙ ግን ማንም አያቆማቸውም። ሻሽ አቧራ ይከለክላል እንጂ አየር አይከለክልም። በየቀኑ ከፍቶ መቅመሱ ደግሞ አዲስ አየር ማስገባት ነው፤ ሽታውን ተከትለው የሚመጡት ትንንሽ የፍራፍሬ ዝንቦችም ባክቴሪያውን በእግራቸው ይዘው ይመጣሉ። መፍላቱ ሲበረታ የሚወጣው ጋዝ አየሩን እየገፋ ይከላከልልዎት ነበር፤ ለዚህ ነው በመጀመሪያው ሰሞን ደህና የሸተተዎት። መፍላቱ ሲቀዘቅዝ መከላከያው አብሮ ሄደ። በነገራችን ላይ አቼቶው አልከሰረም። አንዴ ሞቅ አድርገው አጥልለው ለሰላጣ ይጠቀሙበት።

ወደ ገሾው ልምጣ፣ ምክንያቱም የእናትዎ ነገር ችላ የሚባል አይደለም። ገሾ ለጠላና ለጠጅ መራራነትን ይሰጣል፣ መጠጡን የሚያበላሹ አንዳንድ ባክቴሪያዎችንም ያዳክማል። ቅጠሉና እንጨቱ ይዞት የሚመጣው የራሱ እርሾም አለ፤ ድሮ የዳቦ እርሾ ሳይኖር ጠጁን የሚያስነሳው ይኸው ነበር። በዚያ ላይ ባለሙያ ሴት ከገሾው በፊት የምትሠራው ሥራ አለ፤ ጋኑን በግራዋ ትፈትጋለች፣ በወይራ ታጥናለች። መጠጡን ከሚጠብቁት ግማሹ ይኼ ንጽሕና ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ገሾ ግን አየር ከገባበት አቼቶን አያስቆምም። አፉ ሳይከደን የከረመ ጠጅ ገሾ እያለበት ሲኮመጥጥ እናትዎም አይተው ያውቃሉ።

የፍራፍሬ ወይን ያለ ገሾ የሚጠበቀው በሦስት ነገር ነው፤ በራሱ ኮምጣጣነት፣ በአልኮሉ፣ አየር በማጣቱ። ሦስቱ ከተሟሉ ገሾ አያስፈልገውም። ይምረርልኝ ካሉ የዘጌ ገሾ ከባሕር ዳር መምጣቱ አይቀርምና አንድ ሁለት ሰባራ እንጨት ለሦስት ቀን ነክረው ማውጣት ይችላሉ። እኔ ግን ለአፕል አልመክርም፤ ጣዕሙ ስስ ስለሆነ ገሾው ይውጠዋል። ወይራ ማጠኑም እንዲሁ፤ ለጠጅ ጌጥ ነው፣ በአፕል ላይ ግን ጭሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ብቅልም አይፈልግም። እናንተ ጋ ፎገራ ላይ ሩዝ ለጠላ ሲውል ብቅል የሚገባበት ስታርቹን ወደ ስኳር እንዲለውጥለት ነው፤ ጁስ ስኳሩን ይዞ ይመጣል።

አጎትዎ የሰሙት ዓይን የሚያጠፋ ነገር ሜታኖል ይባላል። ከፍራፍሬ ፔክቲን ጥቂት ሜታኖል ይወጣል፣ ከሱቅ በሚገዛ ጁስም ውስጥ ሳይፈላ ጭምር በመጠኑ ይኖራል፤ ያ ግን ሰው የሚጎዳ መጠን አይደለም። ሰው የሚታወረውና የሚሞተው በአብዛኛው ለኢንዱስትሪ የተሠራ ስፒሪቶ መጠጥ ውስጥ ሲቀላቀል ነው። ስለዚህ «ጠንከር ይበል» ብሎ ምንነቱ ያልታወቀ አልኮል የሚጨምርልዎ ሰው ካለ ያባሩት። ወይኑ አልሆን ሲልዎት ደግሞ አረቄ ላውጣበት አይበሉ፤ ማንጠር ሌላ ሙያ ነው፣ አደጋውም ሌላ ነው።

የጁሱን ያህል ዕቃው ያሳስበኛል። የፎገራ ሜዳ የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ነው፤ የፀረ ተባይ መድኃኒት ባዶ ጀሪካን በየቤቱ አለ። አሥር ጊዜ ታጥቧል ቢባል እንኳ መጠጥ እንዳይነካው፤ ኮምጣጣና አልኮል ያለበት ነገር ፕላስቲክ ውስጥ የሰረገውን መልሶ ያወጣዋል። የናፍጣና የጋዝ ጀሪካንም እንዲሁ። ቆርቆሮ ባሊ ደግሞ ዚንኩን ለኮምጣጣው ይለቃል። አምስት ሊትር የሚይዘው አዲስ የውሃ ፕላስቲክ ይበቃዎታል። ፕላስቲኩን በፈላ ውሃ አይጠቡት፣ ይጨማደዳል። በአራት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና አድርገው አሥር ደቂቃ ያቆዩበት፤ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመው ያለቅልቁ። ቱቦውንም፣ ማንኪያውንም፣ ማጥለያውንም እንዲሁ። ወረታ ላይ ውሃ የሚፈላው ገና 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይንተክተክ።

አሁን አራት ሊትር 100 በመቶ የአፕል ጁስ አለዎት እንበል። ካርቶኑ ላይ በመቶ ሚሊ ሊትር ስንት ግራም ስኳር እንዳለ ተጽፏል፤ 11 ቢል በሊትር 110 ግራም ማለት ነው። በሊትር 17 ግራም ስኳር በግምት አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል። ስለዚህ ምንም ሳይጨምሩ ስድስት በመቶ ተኩል ይደርሳል፤ ይህ ለመቆየት አይበቃውም። በሊትር 175 ግራም ቢያደርሱት አሥር በመቶ ላይ ያርፋል፤ የዳቦ እርሾም ከዚያ ብዙ ርቆ መሄድ ይከብደዋል። የሚጎድለው በሊትር 65፣ ለአራቱ ሊትር 260 ግራም ነው። ይህን ሳይለኩ በሲኒ እየገመቱ መጨመር ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፤ የባለሱቅ ሚዛን ላይ ያስመዝኑት። ስኳሩ ሲበዛ እርሾው ሳይጨርሰው ይደክምና መጠጡ እንደጣፈጠ፣ ሳይረጋም ይቀራል።

ከተቻለ ደግሞ በስኳሩ ፋንታ ማር ያድርጉበት። ማር ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ስኳር ስለሆነ 325 ግራም ይበቃዎታል። ጥቅምትና ኅዳር የማር ወቅት ነው፣ እናትዎም ጥሩውን ከመጥፎው ይለዩልዎታል። እውነቱን ልንገርዎትና ከሱቅ ጁስ ከሚሠራው ሁሉ አፌ ላይ የሚቀረው ይኼ ነው፤ ስኳር ብቻውን መጠጡን አስካሪ ያደርገዋል እንጂ አያከብደውም።

ከጁሱ አንድ ሊትሩን ለብ አድርገው ስኳሩን ወይም ማሩን ያሟሙበት፣ ከቀሪው ጋር ይቀላቅሉ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ እጅ በማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያስነሱና ይጨምሩ። አንድ ሙሉ ማንኪያ ቢጨምሩ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። ለእርሾው ምግብ አንድ እፍኝ ዘቢብ በሙቅ ውሃ አጥበው ይክተቱ፤ ማጠቡ ዘቢብ እንዳይጣበቅ የሚቀባው ዘይት እንዲለቅ ነው። ወፈር ያለ ስኳር የሌለው ሻይ ግማሽ ብርጭቆ ቢጨምሩ ምላስ ላይ ያዝ የሚያደርገውን ነገር ይሰጠዋል። ፕላስቲኩ ላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ይቅር፣ አረፋው ስለሚነሳ።

ቦታው ቀን ከሌሊት የማይለዋወጥ ይሁን። በኅዳር የፎገራ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ እርሾው ማታ ይተኛና ጠዋት ዘግይቶ ይነሳል። የጭቃ ቤት ጓዳ ከብሎኬት ቤት ይሻላል። በጋቢ ጠቅልለው ከመሬት ከፍ ያድርጉት። በመጋቢትና በሚያዝያ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን ነበር የምነግርዎ፤ መሬት ላይ አስቀምጠው እርጥብ ጆንያ ያልብሱት እል ነበር። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እርሾ ይሮጣል፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል መጠጥም ይሠራል።

ከአንድ ሳምንት እስከ አሥር ቀን ድረስ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ሲቦልቅ ይሰማሉ። ሲዘገይ፣ አተላው ከሥር ሲቀመጥ፣ ሳይነቀንቁ ፕላስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው በንጹሕ ቱቦ የላይኛውን ወደ ሌላ ዕቃ ይሳቡት። አተላው ላይ ብዙ ከከረመ ይመርራል። የሁለተኛው ዕቃ ጉዳይ ነው ዋናው፤ እስከ አንገቱ መሙላት አለበት። የመጀመሪያውን ባዶ ቦታ ጋዙ ይሞላው ነበር፣ አሁን ግን ጋዝ የለም። አራቱን ሊትር ሁለት ሁለት ሊትር በሚይዙ ጠርሙሶች ይክፈሉት፣ ጥቂት ቢጎድል ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሙሉት፤ ቱቦውን መልሰው ያስገቡና ለአንድ ወር ይርሱት። መቅመስ የለም። ከዚያ እንደገና ስበው አተላውን ይለዩት። ጠጅ በሁለት በሦስት ሳምንት ይጠጣል፤ ይህን ወይን ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ቢቀምሱት ያዝናሉ። ለጥር ሰርግ ከሆነ ኅዳር መግቢያ ላይ መጣል አለበት፤ ሩዙ ማሳ ላይ እያለ ማለት ነው።

ጣፋጭ ይወዳሉ? ሲጠጡት ያጣፍጡት እንጂ ጠርሙስ ውስጥ ስኳር አስገብተው አይክደኑ፤ ያልሞተ እርሾ ይነሳና የማንጎው ታሪክ ይደገማል። መፍላቱ ማለቁን ለማረጋገጥ ጥቂት በትንሽ ሃይላንድ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀው ለሳምንት ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። በጣት ሲጫኑት ከጠነከረ ገና ነው። ለስላሳ ከሆነ ጠርሙስ ውስጥ ማድረግ ይቻላል።

ከዝዋይ ወይን ጋር ግን አያወዳድሩት። ካስቴል የተባለው ኩባንያ እዚያ ያስተከለው የወይን ፍሬ ሲደርስ በሊትር ከ200 ግራም በላይ ስኳር በራሱ ይሸከማል፤ በ2006 ዓ.ም. ገበያ የወጣው ሪፍት ቫሊ፣ ቀዩ ማለት ነው፣ የሚሠራው ከዚያ ፍሬ ከነልጣጩ ነው። ቀለሙም፣ ያዝ የሚያደርገው ነገርም ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ከካርቶን ጁስ ይህ አይገኝም። የሚገኘው ቀለል ያለ፣ ቀዝቅዞ የሚጠጣ ነገር ነው፤ ለሚዜዎች ጠረጴዛ አራት አምስት ጠርሙስ ቢቀርብ ያምራል። ለሰርገኛው በሙሉ ላዳርስ ቢሉ ግን የካርቶኑ ዋጋ ከማሩ ይበልጥብዎታል፤ ያን ለእናትዎ ጠጅ ይተዉት። ለሽያጭ ከሆነ ፈቃድና ምርመራ ይጠይቃል፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ መሠረትም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው።

የገበያ ማንጎ ላሉኝ፣ አዎ፣ ከኔክታሩ ይሻላል፤ ግን የሚረክሰው በጋው አልቆ ክረምቱ ሲገባ ነውና ለጥር አይደርስልዎትም። በጊዜው ሲያገኙት በደንብ የበሰለውን ልጠው አንድ ኪሎ ሥጋውን በሁለት ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይፍጩት፤ ከ400 እስከ 450 ግራም ስኳርና የሁለት ሎሚ ጭማቂ ይጨምሩ። ጥሬ ፍሬ የራሱን ጀርም ይዞ ስለሚመጣ እንፋሎት እስኪያወጣ ግን ሳይፈላ ለሩብ ሰዓት ያሙቁት፤ ሲቀዘቅዝ እርሾውን ያስገቡ። በአራተኛው ቀን በታጠበ ሻሽ አጥልለው ወደ ጠባብ አፉ ዕቃ ያዛውሩት። እንደ አፕል ጥርት አይልም፣ ጉሽ ብሎ ይቀራል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ የማንጎው ፔክቲን ነው። የመሃሉን ጠንካራ ፍሬና ልጣጩን ግን አይቀላቅሉበት፣ ያመርረዋል።